ስለ ግጥም ሰሚ ፍርድ

ማናቸውም የቃል ሥራ ሁለት ባለቤት አለው፤ አንደኛው ተናጋሪው፥ ሁለተኛውም ሰሚው ነው። ተናጋሪው ቃሉን አስቦና መዝኖ ያወጣዋል፤ ሰሚውም ተቀብሎና መርምሮ ወይ ያነሣዋል፥ ወይ ይጥለዋል። ስለ ተናጋሪው ጥበብ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሰሚው ጥበብ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ ይኸውም መስማት ጆሮ ላለው ሁሉ የተሰጠ፥ ትምህርትም የማይሻ ነገር ስለሚመስል ነው። ዳሩ ግን በወንበር የተቀመጠ ሁሉ ዳኛ እንዳይደለ፥ ጆሮ ያለውም ሁሉ ሰሚ አይደለም። ክፉ ዳኛ ንጹሑን ሰው እንደሚያስቀጣ፥ ክፉ ሰሚም መልካሙን ቃል ያዋርዳል፤ ባዶውንም ቃል ያከብራል።

ይህን ነገር ዛሬ ለማንሣት ምክንያት የሆነው በከተማው የሚሰማ ክርክር ነው። በጎንደር ከተማ በማራኪ በኩል ዩኒቨርሲቲው ስላለ፥ ከየአገሩ የተሰበሰበ ብዙ ወጣት ይመላለሳል። ከነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ በጆሯቸው ማዳመጫ ሰክተው የሚሰሙት፥ እንደ ቀድሞው ዘፈን በዜማ የሚንቆረቆረውን ሳይሆን፥ በከበሮ ምት ላይ ቃል በቃል ላይ እየተከታተለ የሚወርድበትን ራፕ የሚባለውን ነው። ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ «ይህ ዘፈን ነው ወይስ ጠብ?» ብለው ይጠይቃሉ። ወጣቶቹም «ቃሉን አስተውላችሁ ብትሰሙት ቅኔ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ፥ ወጣቱም ማዳመጫውን መልሶ ሰክቶ፥ ሁለቱም ሳይግባቡ ይለያያሉ። እንግዲህ የቅኔ ስም ከተጠራ ዘንድ፥ የቅኔ ቤት ሰዎች እንዳልሰሙ ሆነው ማለፍ አይገባቸውም። ነገሩ በውነት ቅኔ እንደ ሆነ ይመሰክሩ፤ ካልሆነም የጎደለውን ለይተው ያሳዩ።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ራፕ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ዓመት ገደማ በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር፥ በጥቁር አሜሪካውያንና ከካሪብ ደሴቶች በመጡ ስደተኞች ልጆች መካከል የተጀመረ ነው። የቀድሞ ሸክላዎችን እያሽከረከሩ፥ ከዘፈኑ ውስጥ የከበሮውን ምት ብቻ ለይተው ይደጋግሙታል፤ በዚያም ምት ላይ አንድ ሰው ቆሞ ቤት እየመታ ይናገራል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ ዋናው ነገር ዜማው አይደለም፤ ቃሉና የቃሉ አረማመድ ነው እንጂ። ይህን የሚመስል ነገር በአገራችን ፈጽሞ የለም የሚል ሰው ቢኖር፥ ፉከራንና ሽለላን ዘንግቷል ማለት ነው። ጀግና ተነሥቶ ሲፎክር አያዜምም፤ ቃሉን በምት እየረገጠ፥ ቤት እየመታ፥ የአባቱንና የራሱን ስም እየጠራ ይናገራል። ይህም ልማድ በወገራ፥ በዳባትና በደባርቅ ደጋ በሠርግና በበዓል ቀን እስከ ዛሬ ድረስ አለ። ይህን ማለት ራፕ ከአገራችን ተወሰደ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ማለት ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ሕዝብ ሳይተዋወቅ አንድ ዓይነት ጥበብ ሊያገኝ እንደሚችል ያስረዳል።

በአገራችን ራፕ በሕዝብ ዘንድ እንዲታወቅ ካደረጉት መካከል ቴዲ ዮና ልጅ ሚካኤል ይገኛሉ። በ2014 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ካስማሰ በሚል የመድረክ ስም የሚጠራው የራፕ ገጣሚ «ማለፊያ» የሚል አልበም አወጣ። ወዳጆቹ ይህን አልበም የሚያነሡት ከምቱ ይልቅ በቃሉ ነው። ለቅኔ ቤት ሰው ደግሞ ገና ከስሙ የሚመረምረው ነገር ያገኛል። «ማለፊያ» ማለት መልካም፥ ምርጥ ማለት ነው፤ አባቶች «ማለፊያ ጠጅ»፥ «ማለፊያ ሰው» ይሉ ነበር። ሁለተኛም ማለፊያ ማለት መሻገሪያ፥ የሚታለፍበት በርና መንገድ ማለት ነው። የሁለቱም ሥር «አለፈ» የሚለው ግስ ነው፤ በግዕዝም «ኀለፈ» ይባላል። ከባልንጀራው የሚያልፍ ነገር ማለፊያ ተባለ፤ ሰው የሚያልፍበትም ቦታ ማለፊያ ተባለ። ደግሞም «አለፈ» ማለት ሞተ ማለት እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ አንዱ ቃል ሙገሳን፥ መንገድንና ሞትን ሦስቱንም በአንድነት ተሸክሟል። ይህ በቅኔ ቤት ኅብር የሚባለው ነው። እንዲህ ያለ ስም የተሰጠው ሥራ ሰሚውን ገና በደጃፍ ላይ ያስቆመውና «ከሦስቱ የትኛውን ትይዛለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

እንዲህ ያለ ሥራ በወጣ ጊዜ ሰሚው ሁሉ በሦስት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን ገና የመጀመሪያውን ቃል እንደ ሰማ ያደንቃል፤ ያልገባውንም ቃል «ጥልቅ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ከገጣሚው ፍቅር የተነሣ ከቃሉ ውስጥ የሌለውን ምሥጢር ያወጣል። ሁለተኛው ወገን ሳይሰማ ይነቅፋል፤ የገጣሚውን የጠጕር አቆራረጥና የልብሱን ስፋት አይቶ ፍርዱን ይጨርሳል። ሦስተኛው ወገን ደጋግሞ ሰምቶ «ይህ ቤት ሞልቷል፤ ይህ ጎድሏል፤ ይህ ቃል ለቤት መምቻ ብቻ የገባ ነው» ብሎ ይለያል። ይህ ሦስተኛው ወገን ቁጥሩ ትንሽ ነው። ዳሩ ግን ጥበብ የሚያድገው በዚህ በሦስተኛው ወገን ነው፤ አድናቂው ገጣሚውን ያሰንፈዋልና፥ ነቃፊውም ያስቈጣዋልና፥ የሚያርመው ግን ይህ ብቻ ነው።

የነቃፊዎቹን ቃል እንመርምር ቢባል፥ አንደኛው ነቀፋቸው «ነገሩ የባዕድ አገር ነው» የሚል ነው። መሣሪያውና ምቱ የባዕድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በ1916 ዓመተ ምሕረት አልጋ ወራሽ ልዑል ራስ ተፈሪ 40 አርመናውያን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጥተው የነሐስ መለከት ሙዚቃ በአዲስ አበባ ባቋቋሙ ጊዜ፥ ያም መሣሪያ የባዕድ ነበር። ዛሬ ግን ሽማግሌዎቻችን «የድሮው ሙዚቃ» እያሉ የሚናፍቁት በዚያው በመለከቱ ዘር የተሠራውን ነው። እንግዲህ መሣሪያ በጊዜ ብዛት የአገር ልጅ ይሆናል። መጠየቅ የሚገባው ቃሉ የማን አገር ቃል እንደ ሆነ ነው። አማርኛው የተሰበረ፥ አሳቡም ከውጭ ተገልብጦ የመጣ እንደ ሆነ፥ በክራርና በማሲንቆ ቢታጀብም የባዕድ ነው። አማርኛው የጠራ፥ አሳቡም ከአገሩ ሰው ኑሮ የተቀዳ እንደ ሆነ ግን፥ ምቱ ከየትም ቢመጣ ቃሉ የቤት ልጅ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋ «ዜማ የለውም» የሚል ነው፤ ለዚህ መልሱ ከላይ ስለ ፉከራ የተባለው ይበቃል። ሦስተኛው ነቀፋ «ቃሉ አይገባም፤ ገጣሚው ሆን ብሎ ነገሩን ሰውሮታል» የሚል ነው። ይህን ነቀፋ አንድ ነጋዴ ወይም አንድ ወታደር ቢናገረው አያስደንቅም። ከካህናት ወገን የሆነ ሰው ሲናገረው ግን ያስደንቃል። ነገርን በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለአስተዋይ መተው የማን ትምህርት ነው? በጎንጅ፥ በዋድላና በዋሸራ ስንት ዘመን የተደከመው ለዚሁ አይደለምን? ነገሩ መሰወሩ ነውር አይደለም። ነውሩ ሲገልጡት ከሥሩ ምንም የማይገኝበት መሰወር ነው። ይህንንም ለይቶ ለማወቅ የቅኔ ሊቃውንት ቅኔን እንዴት እንደሚሰሙ ማሰብ ይጠቅማል።

በቅኔ ማሕሌት ያለው ልማድ እንዲህ ነው። ባለ ቅኔው አዲስ ቅኔ አስቦ ይነሣል። የባልንጀራውን ቅኔ ወይም የአምናውን የራሱን ቅኔ ደግሞ ማምጣት ነውር ነው፤ ለየዕለቱ በዓል የየዕለቱ ቅኔ ይሻልና። ጉባኤ ቃና ቢሆን 2 ቤት፥ መወድስ ቢሆን 8 ቤት አለው፤ ልኩ የታወቀ ነው። ተቀባዩ ከባለ ቅኔው አፍ እየተቀበለ በዜማ ያሰማል፤ ሊቃውንቱም መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። ወርቁን ፈልገው ያገኙት እንደ ሆነ «ይበል!» ይላሉ። ቤቱ የጎደለ ወይም ሰሙ ከወርቁ ሳይገጥም የቀረ እንደ ሆነ ግን ዝም ይላሉ፤ ያም ዝምታ ለባለ ቅኔው ከስድብ ይልቅ ይከብደዋል። ዛሬ ተራው ሕዝብ መልካም ሥራን ሲያይ «ይበል የሚያሰኝ» የሚለው ከዚሁ ከሊቃውንት አፍ ተቀብሎ ነው።

በዚህ ላይ መታየት የሚገባው፥ «ይበል» የሚሉት ሰዎች ማን እንደ ሆኑ ነው። እነዚህ ሰዎች በልጅነታቸው ኮቸሮ እየበሉ ከመምህር እግር ሥር የነበሩ ናቸው። ተማሪው ቀኑን ሙሉ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ በኋላም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ አንዱን ቃል ያነሣለታል፤ አንዱን ይጥልበታል፤ «ይህ ግስ ከዚህ ባለቤት ጋራ አይሄድም፤ ይህ ሰም ወርቁን አይሸከመውም» ይለዋል። ሌሎቹም ተማሪዎች በዙሪያው ቆመው ይሰማሉ። እንዲህ አድርጎ ተማሪው ቅኔ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ቅኔ መስማትንም ይማራል። የባልንጀራውን ስሕተት በጆሮው ሰምቶ፥ የራሱም ስሕተት በባልንጀራው ፊት ታርሞ ያደገ ሰው፥ ከጊዜ በኋላ «ይበል» ቢል ቃሉ ይታመናል፤ ዝም ቢልም ዝምታው ይታመናል።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለውን የሰሚ ልማድ ለማየት ደግሞ፥ በጎንደር አቅራቢያ ያለችውን የአዝማሪዎች መንደር ቡርቧክስን ማስታወስ ይገባል። በአዝማሪ ፊት የተቀመጠ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። በዚያ ቦታ ሰሚው ዳኛ ብቻ አይደለም፤ ገጣሚም ነው። ግጥሙ ያማረ እንደ ሆነ ቤቱ ሁሉ ይስቃል፥ ይሸልማል፤ ያላማረ እንደ ሆነ የሰጪው ፊት ያፍራል። ካህናት የአዝማሪ ቤት ሲነሣ ፊታቸውን ማጥቆራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጠጥና ዘለፋ አይታጣበትምና። ሆኖም «ተቀበል» የሚለውን ልማድ ከቅኔው ተቀባይ ጋራ ያስተያየ ሰው፥ በሁለቱም ቦታ ቃል ከአፍ ወደ አፍ በብዙ ጆሮ ፊት እንደሚሻገር ያስተውላል።

የአልበም ሰሚ ግን ከሁለቱም ልዩ ነው። ገጣሚውን አያየውም፤ ገጣሚውም እርሱን አያየውም። ግጥም ሊሰጠው አይችልም፤ ዝምታውም ወደ ገጣሚው አይደርስም። በዚህ ነገር አንድ ትርፍና አንድ ጉዳት አለ። ትርፉ መደጋገም ነው። ቅኔ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያልፋል፤ ፈጥኖ ያልያዘው ሰው ከባልንጀራው ካልጠየቀ አያገኘውም። የአልበም ሰሚ ግን አንዱን ቤት መቶ ጊዜ መልሶ ሊሰማው ይችላል። ጉዳቱ ግን ብቻነት ነው። መቶ ጊዜ ቢሰማ መቶ ጊዜ የሚሰማው በራሱ ጆሮ ነው። አንድ ጊዜ የተሳሳተውን ትርጕም መቶ ጊዜ ደግሞ ያጸናዋል እንጂ፥ «አይደለም፤ ግሱን ተመልከት» የሚለው መምህር በአጠገቡ የለም። የዛሬው ወጣት ችግር ቅኔ አለመውደዱ አይደለም፤ የሚወደውን የሚያርምለት ሰው ማጣቱ ነው።

ይህ ብቻነት ምን ያህል እንደሚጎዳ ከራፕ ውጭ በሆነ በአንድ የታወቀ ዘፈን ታይቷል። ቴዲ አፍሮ በሚል ስም የሚታወቀው ቴዎድሮስ ካሣሁን በ2004 ዓመተ ምሕረት «ጥቁር ሰው» የሚለውን አልበም አወጣ፤ የአልበሙ ስም የወጣለት ዘፈን ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክና በ1888 ስለ ሆነው ስለ ዐድዋ ድል የተዘፈነ ነው። አንዱ ወገን በዚህ ዘፈን ውስጥ የመላውን አፍሪቃ ክብር ሰማ፤ ሌላው ወገን ደግሞ በንጉሡ ዘመን ወገኖቹ ላይ የደረሰውን መከራ አስታውሶ፥ የዚያ መከራ ሙገሳ አድርጎ ሰማው። ጠቡ እየጸና ሄዶ በ2006 ዓመተ ምሕረት የዘፋኙን የመድረክ ጉዞ በገንዘብ ሊደግፍ የነበረ አንድ የቢራ ፋብሪካ ድጋፉን እስከ ማንሣት ደረሰ። የሁለቱም ወገን ልብ በውነተኛ ነገር ተነክቶ ነበር፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን በዘፈኑ ላይ በተደረገው ክርክር ውስጥ፥ መጀመሪያ ቃሉ ምን እንደሚል ተስማምተው፥ ከዚያም ምን ማለቱ እንደ ሆነ የተከራከሩ ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ። ሰሙን ሳይይዙ በወርቁ ተጣሉ። በቅኔ ጉባኤ ቢሆን ኖሮ መምህሩ ሁለቱንም ዝም አሰኝቶ «በመጀመሪያ ሰሙን ተናገሩ» ባላቸው ነበር።

የዚሁ ዘፋኝ «ኢትዮጵያ» የሚለው አልበም በ2009 ዓመተ ምሕረት በወጣ ጊዜ፥ በአሜሪካ ቢልቦርድ የሚባለው መጽሔት በሚያወጣው የዓለም አልበሞች ተራ 1ኛ ሆነ፤ በአገር ቤት ግን በአዲስ አበባ ሊደረግ የታሰበውን የምረቃ በዓል ፖሊስ ፈቃድ የለውም ብሎ አስቀረው። በዚህ አልበም ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ» የሚል ዘፈን አለ። ይህም ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓመተ ምሕረት ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ የሚያስታውስ ነው። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በራድዮ ስላነበበው፥ ፊደል ያልቈጠረ ሰው ሳይቀር ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ያውቃቸዋል። በዛብህ ደግሞ የቅኔ ተማሪ፥ የቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። የዘፈኑን ስም የሚመረምር ሰው ማርም ጧፍም ከአንዲት ንብ እንደሚገኙ ያያል፤ አንዱ ለአፍ ይጣፍጣል፥ ሁለተኛው በመቅደስ ነዶ ያልቃል። የሁለቱ ወጣቶችም ፍቅር በጣፋጭነት ተጀምሮ በመንደድ የተፈጸመ ነው። ይህን ያስተዋለ ሰሚ ዘፈኑን ከሰማ በኋላ መጽሐፉን ይገልጣል፤ ያላስተዋለው ግን ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል። ዘፈኑ ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ በጆሮው ነው።

በባሕር ማዶም ይህን የመሰለ ነገር ሆኗል። ኬንድሪክ ላማር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የራፕ ገጣሚ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 «ዳም» የሚል 14 ዘፈን ያለበት አልበም አወጣ፤ ቃሉ በቋንቋቸው የኵነኔና የእርግማን ቃል ነው። በ2018 የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ተሰጠው። ይህ ሽልማት በሙዚቃ ከ1943 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረው የኮንሰርት ሙዚቃ ለሚደርሱ ሊቃውንት፥ በኋላም ለጃዝ ሙዚቀኞች ነበር እንጂ፥ ለራፕ ተሰጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ብዙዎች ተደሰቱ፤ ሽልማቱ ተዋረደ ያሉም ነበሩ። ለቅኔ ቤት ሰው ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚያስገርመው የሥራው አኳኋን ነው። ገጣሚው በዚያው በ2017 መጨረሻ ዘፈኖቹን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ እንደገና አወጣቸው። ፊት ለፊት ሲሰሙት በመጀመሪያው ዘፈን ተናጋሪው ይገደላል፤ ገልብጠው ሲሰሙት ግን ሞቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አንዱም ቃል ሳይለወጥ፥ በሰልፉ መለወጥ ብቻ ትርጕሙ ይለወጣል። ደግሞም በአንዱ ዘፈን ውስጥ የኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28 ይጠራል፤ የተሰጠው ትርጓሜ የቤተ ክርስቲያናችን ትርጓሜ ባይሆንም፥ ወጣቱ ሰሚ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ምዕራፉን እንዲፈልግ ያደርገዋል። በዚያን ጊዜ በአጠገቡ ትርጓሜ የሚያውቅ መምህር ቢያገኝ ምን ያህል ይጠቀም ነበር!

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ነቀፋ አለ፤ እርሱም መሸሸግ አይገባውም። በራፕ ውስጥ ስድብ፥ ዝሙትንና ስካርን ማሞገስ፥ ሴትንም ማዋረድ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህን በጥበብ ስም ማለፍ ለካህን አይገባም። ነገር ግን ነውርን የሚናገር ቃልና ነውርን የሚያስተምር ቃል አንድ አይደሉም። ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት ቆሞ ስለ አንድ ባለ ጸጋና ስለ አንድ ድኻ በግ በተናገረ ጊዜ፥ የተናገረው የግፍ ታሪክ ነበር። ዳዊት ሰሙን ሰምቶ በቍጣ ፈረደ፤ ወርቁ በተገለጠ ጊዜ ግን የፈረደው በራሱ ላይ ሆኖ ተገኘ። ናታን ግፉን ስለ ተናገረ ግፈኛ አልተባለም። ዳዊትም የከበረው ቀድሞ ስለ ፈረደ አይደለም፤ ወርቁ በተገለጠለት ጊዜ ቃሉን ተቀብሎ ስለ ተጸጸተ ነው እንጂ። እንግዲህ ክፉ ነገር የሚጠራበትን ግጥም የሰማ ሰው «ገጣሚው ይህን የሚያነሣው ሊያስወድደን ነው ወይስ ሊያሳፍረን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ሊያስወድደን የሆነ እንደ ሆነ ቢነቅፈው መልካም አደረገ። ሊያሳፍረን የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ጆሮውን የደፈነ ሰው ከገጣሚው የሸሸ ሳይሆን ከናታን የሸሸ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲነገር ራፕ ወደ ቅኔ ማሕሌት ይግባ ማለት አይደለም። ያሬዳዊው ዜማ ስፍራው የታወቀ ነው፤ የአደባባዩም ቃል ስፍራው በአደባባይ ነው። ደግሞም የአማርኛው ራፕ ሁሉ ቅኔ ነው ማለት አይደለም። ቅኔ ልክ አለው፤ የግዕዝ አገባብ አለው፤ ከሁሉም በላይ የሚቀርብለት አምላክ አለው። በራፕ ውስጥ ያለው ኅብርና ሰምና ወርቅ ግን የዚያው ቤት ዘመድ ስለ ሆነ፥ ሊመዝነው የሚችል ሚዛንም በዚያው ቤት ይገኛል። ይህን ሚዛን የያዙ ሊቃውንት በጎንደር አሉ። ሚዛኑን በሣጥን ቈልፈው ወጣቱን «ሐሰተኛ ሚዛን ይዘሃል» ብለው ቢቈጡት ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህራን ከሰዋስውና ከታሪክ ጋራ አንድ ሰዓት ለአማርኛ ግጥም መስማት ቢመድቡ መልካም ይሆናል። ወጣቱ የወደደውን አንድ ቤት ያምጣ፤ ነውር የሌለበትን እርሱ ራሱ መርጦ ያምጣ። መምህሩም አስቀድሞ ሰሙን ይጠይቀው፤ ሰሙን በትክክል ሳይናገር ወርቁን አይፍቀድለት። ቀጥሎ «ይህን ወርቅ ያገኘኸው ከየትኛው ቃል ነው?» ብሎ ይጠይቀው፤ ከቃሉ ያላገኘው እንደ ሆነ ከራሱ ጨምሮታልና ይተወው። በመጨረሻም «ይህ ቃል ሲወጣ ቤቱ ይፈርሳልን?» ብሎ ይጠይቀው፤ ቃሉ ቢወጣ ቤቱ የማይፈርስ እንደ ሆነ፥ ቀድሞም ያለ ሥራ ገብቷል። በእንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ዓመት ያለፈ ወጣት ባዶውን ቃል ማንም ሳይከለክለው ይተወዋል፤ ከጥሩው ቃል ጋራም ብቻውን አይሆንም። ሲያድርም ወደ ግዕዙ ቅኔ የሚሻገር ከመካከላቸው አይታጣም፤ ያ በር ማለፊያ ይሆንለታል።

ወጣቶቹ የሰሙትን «ቅኔ ነው» ብለው በመጥራታቸው የቅኔን ስም አላዋረዱትም። የሚወዱትን ነገር ሊያከብሩት በፈለጉ ጊዜ፥ ከሚያውቁት ስም ሁሉ የከበረውን ፈልገው ይህን ስም አገኙ። ስሙን ከነሙሉ ትርጕሙ ማስረከብ ግን የአባቶች ፋንታ ነው። የሚቀጥለው ወጣት «ይህ ቅኔ ነው» ባለ ጊዜ፥ የሰማው ሊቅ ራሱን ነቅንቆ ከሚያልፍ «እስቲ ሰሙን ንገረኝ» ብሎ ይቀመጥለት።